የአንጎልን ምላሽ በኢኢጂ መቅዳት፦ የመጀመሪያው የፒ300 ሙከራችሁ ደረጃ በደረጃ

ስለ ኢኢጂ፣ ማለትም የአንጎልን ኤሌክትሪክ ከራስ ቆዳ ላይ ስለ መቅዳት፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሳይኮሎጂና የባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ናቸው። «የኢኢጂ መሣሪያ አግኝተን ቀዳን። ስክሪኑ ላይ ከሚርገበገብ መስመር በቀር ያየነው ነገር የለም። ሰው መረጃ ሲያስተናግድ የሚታየው የቱ ጋ ነው?» ይላሉ።

እዚያው መስመር ውስጥ ነው፤ ግን ተቀብሯል። አንጎል ለአንድ ድምፅ የሚሰጠው ምላሽ ጥቂት ማይክሮቮልት ብቻ ነው። ያለማቋረጥ የሚሄደው የአንጎል እንቅስቃሴ ደግሞ ይህን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ክስተት ደጋግመን እናቀርባለን። ከእያንዳንዱ ክስተት በኋላ ያለውን ቀረጻ እንቆርጣለን፣ እንደራርባለን፣ አማካዩን እናወጣለን። ከክስተቱ ጋር ያልተያያዘው እርስ በርሱ እየተጣፋ ያንሳል። የተያያዘው ይቀራል። የሚቀረው ኢአርፒ፣ ማለትም ከክስተቱ ጋር የተያያዘ የአንጎል ምላሽ፣ ይባላል።

ይህ መመሪያ አንድ ሙከራ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ያሠራችኋል። ሙከራው ፒ300 የሚባለውን ሞገድ ይፈልጋል። አንድ ሰው ተደጋጋሚ ድምፅ እየሰማ ሳለ አልፎ አልፎ የሚመጣና እንዲጠብቀው የተነገረው ሌላ ድምፅ ሲገባ፣ ከ300 ሚሊሴኮንድ ገደማ ጀምሮ ፖዘቲቭ ሞገድ ይነሳል። ጎልቶ የሚታየው ከአናት ትንሽ ወደ ኋላ ነው። በዚህ እንድትጀምሩ የምመክረው ሞገዱ ትልቅ ስለሆነ ነው። በጥቂት ኤሌክትሮዶችም (ራስ ቆዳ ላይ በሚለጠፉ መቅጃዎች) ይገኛል። ካልመጣላችሁ ደግሞ የሆነ ቦታ ስህተት እንዳለ ወዲያው ታውቃላችሁ።

ከሁሉም በፊት ይህን ያዙልኝ፦ ጥሩ ዳታ የሚሠራው የራስ ቆዳው ላይ ነው። የተበላሸ ቀረጻን የሚያድን ሶፍትዌር የለም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ለሰው አገልግሎት የተሠራ የኢኢጂ አምፕሊፋየር። 8 ቻናል (የቀረጻ መስመር) ለጀማሪ ይበቃል።
- የብርና የብር ክሎራይድ ኤሌክትሮዶች፣ በቆብ ላይ የተሰኩ ወይም ነጠላ ነጠላ
- የኤሌክትሮድ ጄል ወይም ፔስት፣ ቆዳ ማለስለሻ ጄል፣ አልኮል፣ ጥጥ፣ ፕላስተር
- ጫፉ የደነዘዘ መርፌ ያለው ሲሪንጅ
- የልብስ ሰፊ ሜትር እና በውኃ የሚለቅ እስክሪብቶ
- ባለ ገመድ የጆሮ ማዳመጫ። ብሉቱዝ አይሆንም፤ ምክንያቱን ደረጃ 3 ላይ ታገኙታላችሁ።
- ድምፁን የሚያጫውት ኮምፒውተር (ሳይኮፓይ በነፃ ይገኛል) እና ቀረጻውን የሚይዝ ላፕቶፕ
- ለትንተና ኢኢጂላብ ከኢአርፒላብ ጋር፣ ወይም ኤምኤንኢ ፓይተን። ሁሉም ነፃ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሚሠሩት ግን በማትላብ ላይ ነው፤ ማትላብ ደግሞ ይከፈልበታል።
- ሻምፑ፣ ፎጣ፣ ሞቅ ያለ ውኃ

ማስጠንቀቂያ፣ ሥራ ሳትጀምሩ

ላፕቶፑም አምፕሊፋየሩም በባትሪ ይሥሩ። ቻርጀሩን ንቀሉት። አንደኛው ምክንያት የሰው ደኅንነት ነው፤ ተሳታፊው ራሱ ላይ ሽቦ ተጣብቆ ከግድግዳ ኤሌክትሪክ ጋር መገናኘት የለበትም። ሁለተኛው የቀረጻው ንጽሕና ነው። በቤት የተሠራ ሰርኪት ከሶኬት ጋር አገናኝታችሁ ሰው ላይ በፍጹም አትሞክሩ።

የተቋማችሁን የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ከመጀመሪያው ተሳታፊ በፊት ያዙ። የተሳታፊው ስምምነት በሚገባው ቋንቋ ተጽፎ ይፈረም።

ይህ ሙከራ የሕክምና ምርመራ አይደለም። ቀረጻው ላይ ያልተለመደ ነገር ብታዩ ለተሳታፊው «እንዲህ ያለ በሽታ አለብህ» አትበሉ። ጉዳዩን የምታማክሩት የነርቭ ሐኪም አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ራሱ ላይ ቁስል ወይም የቆዳ ሕመም ያለበትን ሰው አትቅዱ።

1. ጥያቄያችሁን በሁለት ሁኔታዎች ልዩነት ጻፉ

«አእምሮ እንዴት ይሠራል» የሚለውን መቅዳት አይቻልም። «ብርቅ የሆነውና የሚጠበቀው ድምፅ ከተለመደው ድምፅ የተለየ ምላሽ ያስነሳል ወይ?» የሚለውን ግን ይቻላል። ኢአርፒ የሚነበበው በማነፃፀር ነው። ሁለቱ ሁኔታዎች ልትጠይቁት ከፈለጋችሁት ነገር በቀር በሁሉም እኩል መሆን አለባቸው።

2. ድምፆቹን አዘጋጁ

ወፍራሙ ድምፅ 1000 ሄርዝ፣ ቀጭኑ 2000 ሄርዝ ይሁን። እያንዳንዱ 100 ሚሊሴኮንድ ይቆይ። መነሻውና መድረሻው በ10 ሚሊሴኮንድ ቀስ ብሎ ይውጣና ይውረድ፤ ያለበለዚያ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይጨመርበታል፤ አንጎልም ለእሱ ይመልሳል። መጠኑ ሳያስቸግር በደንብ የሚሰማ ይሁን።

በሁለት ዙር 150፣ 150 ድምፆች አቅርቡ። በእያንዳንዱ ዙር ከመቶ 80ው የተለመደው፣ 20ው ብርቁ ይሁን። ስለዚህ በጠቅላላው 60 ብርቅ ድምፆች ይኖሯችኋል። በመጀመሪያው ዙር ቀጭኑ ብርቅ ከሆነ፣ በሁለተኛው ወፍራሙን ብርቅ አድርጉት። ይህን ብዙዎች ይዘሉታል። ሳትለዋውጡ ከቀዳችሁ ግን ያገኛችሁት ልዩነት ከብርቅነቱ ይምጣ ከድምፁ ቅጥነት መለየት አትችሉም።

በድምፆቹ መካከል ያለው ጊዜ አይመሳሰል። ከአንዱ መነሻ እስከ ቀጣዩ መነሻ ከ1.3 እስከ 1.7 ሴኮንድ በዘፈቀደ ይለዋወጥ። ጊዜው እኩል ከሆነ ተሳታፊው ድምፁን ቀድሞ ይጠብቃል። የአንጎል የራሱ ምትም ከድምፁ ጋር አብሮ ሊሰለፍና አማካዩ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ሁለት ብርቅ ድምፆች እንዳይከታተሉም ፕሮግራሙን እዘዙት።

ተሳታፊው ምን ይሥራ? ለመጀመሪያ ጊዜ ብርቁን ድምፅ በልቡ ይቁጠር። ቁልፍ እንዲጫን ካደረጋችሁት የእጅ እንቅስቃሴ የሚያስነሳው ሞገድ ብርቁ ድምፅ ላይ ብቻ ይደረባል። የምላሽ ፍጥነት የግድ ካስፈለጋችሁ ለሁለቱም ድምፆች ቁልፍ ይኑር፤ እጆቹንም መሃል ላይ አቀያይሩ።

3. ትሪገሩን ፈትሹ

ትሪገር ማለት ድምፁ በወጣበት ቅጽበት ቀረጻው ላይ የሚቀመጥ ምልክት ነው። ለተለመደው 1፣ ለብርቁ 2 ስጡት። መላው ዘዴ የቆመው በዚህ ምልክት ላይ ነው። ምልክቱ ከተንገዋለለ አማካዩም ይደበዝዛል።

ኮምፒውተሩ «አሁን አጫውት» ካለበት ጊዜ አንስቶ ድምፁ ጆሮ እስኪደርስ መዘግየት አለ። የማይለዋወጥ መዘግየት ችግር የለውም። ለምሳሌ ሁልጊዜ 40 ሚሊሴኮንድ ከሆነ ትሪገሮቹን በ40 ሚሊሴኮንድ ታስተካክላላችሁ። አደገኛው አንዴ 20 አንዴ 90 የሚሆነው ነው። ብሉቱዝ የሚከለከለውም ለዚህ ነው፤ መዘግየቱ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሴኮንድ በላይ ነው፣ ቋሚም አይደለም።

ፍተሻው ሰው በሌለበት ይሠራል። አምፕሊፋየሩ ተጨማሪ ግብዓት ካለው፣ የድምፅ መውጫውን የአምራቹ መመሪያ በሚፈቅደው መንገድ እዚያ ላይ አገናኙ። 100 ያህል ድምፆች አጫውቱና በእያንዳንዱ ትሪገርና በድምፁ መነሻ መካከል ያለውን ርቀት ለኩ። ሥዕል የምታሳዩ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ብርሃን የሚያይ ዳሳሽ ለጥፋችሁ ያንኑ አድርጉ። ሶፍትዌሩ «ጊዜው ትክክል ነው» ስላለ ብቻ አትመኑ።

4. ለተሳታፊው ቀድማችሁ ደውሉ

ቀጠሮው ሲያዝ ይህን ንገሩ፦ ፀጉር በዋዜማው በሻምፑ ይታጠብ፤ ቅቤ፣ ቅባትና ኮንዲሽነር አይቀባ። ቅቤ ያለበት ፀጉር ሥር ጄሉ ቆዳውን አይዝም፤ ኢምፒዳንሱ (በቆዳውና በኤሌክትሮዱ መካከል ያለው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ) አይወርድም፤ ግማሽ ሰዓት ትታገላላችሁ።

ሹሩባም በስልክ የሚነሳ ጉዳይ ነው። ገንዘብ ከፍላ የተሠራችውን ሹሩባ ላብራቶሪ ስትደርስ «ፍቺው» ማለት ነውር ነው። ቀጠሮውን ከሹሩባው በፊት አድርጉት። ወይም ሹሩባው ከግንባር ወደ ማጅራት ቀጥ ብሎ እንዲወርድና የመሃሉ መስመር ቆዳው እንዲታይ ጠይቁ፤ እንዲያውም በዚህ መንገድ የተጎነጎነ ፀጉር ከተበተነ ወፍራም ፀጉር ይልቅ ይቀላል። ቆብ የማይገባ ከሆነ ነጠላ ኤሌክትሮዶችን በፔስት ለጥፉ። ፀጉሩ አስቸገረ ብላችሁ ሰውን አታስቀሩ። ፀጉሩ ለስላሳ የሆነውን ብቻ ከቀዳችሁ ውጤታችሁ የሚናገረው ስለ እሱ ብቻ ነው።

ፀጉራቸውን ለሚሸፍኑ ሴቶች ዝግ ክፍልና ሴት ቀጂ አዘጋጁ። ይህንንም ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ተረጋግተው ይመጣሉ።

ቡና አትከልክሉ። ሁልጊዜ የሚጠጣ ሰው ሳይጠጣ ቢመጣ ራሱን እያመመው ይቀመጣል። እንደ ልማዱ ይጠጣ፤ እናንተ የጠጣበትን ሰዓት፣ የተኛበትን ሰዓትና እየጾመ መሆኑን መዝግቡ።

5. ራስ ለኩ

መለኪያው 10-20 የሚባለው ሥርዓት ነው። በሁለቱ ዓይኖች መካከል ካለው የአፍንጫ ሥር ጀምራችሁ፣ በአናት ላይ አልፋችሁ፣ ከኋላ ማጅራቱ ላይ እስካለው ጉብታ ድረስ ለኩ። 36 ሴንቲሜትር ቢሆን ሦስቱ የመሃል መስመር ኤሌክትሮዶች እዚህ ይውላሉ፦

- ኤፍዜድ ከፊት 30 በመቶ ላይ፣ 10.8 ሴንቲሜትር
- ሲዜድ ግማሹ ላይ፣ 18 ሴንቲሜትር
- ፒዜድ 70 በመቶ ላይ፣ 25.2 ሴንቲሜትር

ሲዜድ ከግራ ጆሮ እስከ ቀኝ ጆሮ ባለው መስመርም መሃል ላይ መዋል አለበት። ቆብ ብትጠቀሙም ይህን ለኩ። አንድ ሴንቲሜትር ወደ ኋላ የተንሸራተተ ቆብ ሁሉንም ነጥቦች ይዞ ይሄዳል።

ሪፈረንሱን፣ ማለትም ሌሎቹ የሚነፃፀሩበትን ኤሌክትሮድ፣ ከአንዱ ጆሮ ጀርባ ባለው አጥንት ላይ አድርጉ፤ የሌላውንም ጆሮ ጀርባ እንደ ተራ ቻናል ቅዱ። በኋላ ሁለቱን በአማካይ ሪፈረንስ ታደርጓቸዋላችሁ። ኢኢጂ ምንጊዜም የሁለት ነጥቦችን ልዩነት ነው የሚለካው። ሪፈረንሱን ፒዜድ አጠገብ ብታስቀምጡ የምትፈልጉትን ሞገድ ራሳችሁ ትቀንሱታላችሁ። ግራውንዱ (ለአምፕሊፋየሩ የጋራ መነሻ የሚሆነው ኤሌክትሮድ) ግንባር ላይ ይሁን። አንድ ኤሌክትሮድ ከዓይን በታች፣ አንድ ደግሞ ከዓይን በላይ ለጥፉ፤ ዓይን ሲርገበገብ የሚይዙት እነዚህ ናቸው።

6. ቆዳውን አዘጋጁ፣ ኢምፒዳንሱን አውርዱ

የሥራው ልብ ይህ ነው። አትቸኩሉ።

ፀጉሩን በሲሪንጁ ጫፍ ወደ ጎን ፈልቅቁ። ቆዳውን በማለስለሻ ጄል በቀስታ አሹት። ሟቹን የቆዳ ሽፋን ማንሳት ነው ዓላማው፤ ደም ማውጣት አይደለም። ከቆዳው ወደ ላይ ሲሪንጁን እየጎተታችሁ ጄል ሙሉ። ከመጠን በላይ አትሙሉ፤ የሁለት ኤሌክትሮዶች ጄል ከተገናኘ እንደ አንድ ኤሌክትሮድ ይሆናሉ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ቻናሎች ፍጹም አንድ ዓይነት መስመር ካሳዩ ይህ ሆኗል ማለት ነው።

የሁሉም ኤሌክትሮዶች ኢምፒዳንስ ከ5 ኪሎኦም በታች ይውረድ። አዳዲስ አምፕሊፋየሮች ከዚያ በላይም ይታገሣሉ፤ ቢሆንም ላብ የሚያመጣው ቀርፋፋ ማዕበል በከፍተኛ ኢምፒዳንስ ይብሳል። መጀመሪያ ሪፈረንሱንና ግራውንዱን አስተካክሉ። ሪፈረንሱ መጥፎ ከሆነ ሁሉም ቻናል መጥፎ ነው። ክፍሉንም አቀዝቅዙት።

7. ፈትሹ፣ ከዚያ ቅዱ

ናሙና በሴኮንድ 500 ጊዜ ይወሰድ፤ 250ም ይበቃል። ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገር አሠሩ። ዓይን ይጨፈን፤ ከ8 እስከ 13 ሄርዝ ያለው የአልፋ ምት ከኋላ ባሉት ኤሌክትሮዶች ላይ ይጎላል። በአብዛኛው ሰው ላይ ይታያል፤ አንጎል እየቀዳችሁ መሆኑን የምታውቁበት ቀላሉ መንገድ ነው። ዓይን ይርገብገብ፤ ከዓይን በላይና በታች ባሉት ኤሌክትሮዶች ላይ ተቃራኒ አቅጣጫ ያለው ትልቅ ዝላይ ይመጣል። መንጋጋ ይነከስ፤ የጡንቻ ረብሻ ምን እንደሚመስል ታያላችሁ። ይህን ለተሳታፊውም አሳዩት። ራሱ ካየው በኋላ መንጋጋውን ያላላል።

ትእዛዙ አጭርና ለሁሉም አንድ ይሁን፦

«ሁለት ዓይነት ድምፅ ይሰማሉ። አልፎ አልፎ የሚመጣውን ቀጭኑን ድምፅ በልብዎ ይቁጠሩ። ሲጨርሱ ስንት እንደሆነ ይነግሩኛል። ፊት ለፊት ያለችውን ምልክት ይመልከቱ። ትከሻዎንና መንጋጋዎን ዘና ያድርጉ።»

በሁለተኛው ዙር «ቀጭኑን» የሚለው «ወፍራሙን» ይሆናል። «ዓይንዎን አያርገብግቡ» አትበሉ። ይህን ሲታገል ሐሳቡ ከድምፁ ይወጣል። የነገራችሁን ቁጥር መዝግቡ፤ በጣም ከራቀ እየሰማ አልነበረም። ሁለቱ ዙሮች ከስምንት ደቂቃ አያልፉም፤ መሃል ላይ ዕረፍት ስጡ።

8. ፊልተር አድርጉ

መጀመሪያ የጥሬውን ፋይል ቅጂ አስቀምጡ። ከዚያ ያልተቆረጠውን ሙሉ ቀረጻ ከ0.1 እስከ 30 ሄርዝ ያለው ብቻ እንዲቀር አጣሩ። ከቆረጣችሁ በኋላ ካጣራችሁ የቁራጮቹ ጫፎች ይበላሻሉ።

የታችኛውን ገደብ ወደ 1 ሄርዝ ማሳደግ መስመሩን ያሳምረዋል። አትታለሉ። ፒ300 ራሱ ቀርፋፋ ሞገድ ስለሆነ አብሮ ይቀንሳል፤ ከፊቱና ከኋላውም የሌለ ሞገድ ይፈጠራል።

የኤሌክትሪክ መስመር ረብሻ በኢትዮጵያ፣ በእስራኤልና በአውሮፓ 50 ሄርዝ ላይ ነው፤ በአሜሪካና በሳውዲ 60 ላይ። በዝቶ ካያችሁት ፊልተር ከመጨመር በፊት ምንጩን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የተሰካ ቻርጀር ወይም ያልያዘ ግራውንድ ነው።

9. ቁረጡ፣ አጽዱ፣ አማካይ አውጡ

ከትሪገሩ 200 ሚሊሴኮንድ በፊት ጀምራችሁ እስከ 800 ሚሊሴኮንድ በኋላ ቁረጡ። ከድምፁ በፊት ያለውን የ200 ሚሊሴኮንድ አማካይ ከሁሉም ቀንሱ፤ ሁሉም ቁራጮች ከአንድ መነሻ እንዲለኩ ነው።

ከ100 ማይክሮቮልት በላይ ወይም ከነጌቲቭ 100 በታች የሚሄዱትን ቁራጮች ጣሉ። ይህን ገደብ ውጤቱን ሳታዩ ወስኑ። ብዙ ቻናል ካላችሁ የዓይን ርግብግቢትን አይሲኤ በሚባለው፣ የተቀላቀሉ ምንጮችን በስሌት በሚለያየው ዘዴ መለየት ይቻላል። በአምስት ስድስት ቻናል ግን አይሲኤ አትሞክሩ፤ ምንጮቹን ለመለየት የሚበቃ መረጃ የለውም።

አማካይ ሲወጣ ረብሻው የሚያንሰው በቁራጮቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ልክ ነው። የአንዱ ቁራጭ ረብሻ 20 ማይክሮቮልት ቢሆን፣ በ25 ቁራጭ ወደ 4 ይወርዳል፤ ወደ 2 ለማውረድ 100 ያስፈልጋል። ረብሻን በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ መቅዳት ነው። ደረጃ 6 ላይ ቆዳውን ለማዘጋጀት የጠፋው ጊዜ የሚካሰው እዚህ ላይ ነው።

10. ለኩና አንብቡ

የብርቁን አማካይ ከተለመደው ጋር ፒዜድ ላይ አስተያዩ። ከ300 እስከ 600 ሚሊሴኮንድ ባለው መስኮት ውስጥ ያለውን አማካይ ቮልቴጅ ለኩ። ከፍተኛውን ጫፍ አትለኩ። ጫፍ በረብሻ ይነሳል፤ ብርቁ 60፣ የተለመደው 240 ቁራጭ ስላለው ጥቂት ቁራጭ ያለው ያለ አግባብ ይጠቀማል። የመስኮት አማካይ ይህ ችግር የለበትም።

ሞገዱ ምን ይናገራል? ቁመቱ በብርቅነትና በትኩረት ይለወጣል፦ ድምፁ ይበልጥ ብርቅ ሲሆን ያድጋል፤ ተሳታፊው ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሲሆን ያንሳል። የሚመጣበት ጊዜ ደግሞ አንጎል ድምፁን «ይህ የትኛው ነው» ብሎ ለመለየት ከፈጀበት ጊዜ ጋር ይያያዛል። ይህ ቁልፍ ብቻ በማስጫን የማይገኝ መረጃ ነው። አንድ ሥራ ሰውን ቢያዘገየው፣ ፒ300 አብሮ ከዘገየ መለየቱ ነው የከበደው። ፒ300 ሳይዘገይ እጁ ብቻ ከዘገየ፣ ክብደቱ ያለው በአብዛኛው ምላሽ በመምረጥና በመፈጸም በኩል ነው።

ከዚህ በላይ አትሂዱ። ሞገዱ ፒዜድ ላይ ጎላ ማለት ከፒዜድ ሥር ተነሳ ማለት አይደለም፤ ኤሌክትሪኩ በራስ ቅል ውስጥ ይሠራጫል። ፖዘቲቭ መሆኑም «አንጎል የበለጠ ሠራ» ማለት አይደለም።

11. እጠቡ

ኤሌክትሮዶቹን ጄሉ ሳይደርቅ በሞቀ ውኃ እጠቡ፤ አምራቹ በሚፈቅደው ፀረ ተሕዋስያን አክሙ፤ በጥላ አድርቁ። በብረት ነገር አትፈቅፍቁ፤ የብር ክሎራይድ ሽፋኑ ይነሳል። ሲሪንጅና መርፌ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍ። ተሳታፊውም ራሱን የሚታጠብበት ቦታ ያግኝ።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

ፒ300 ጨርሶ ካልመጣ በመጀመሪያ ትሪገሮቹን ቁጠሩ። 240 እና 60 ካልሆኑ ፕሮግራሙ ውስጥ ነው ችግሩ። ቁጥሩ ልክ ከሆነ ተሳታፊው የነገራችሁን ቆጠራ እዩ።

ግንባር አካባቢ ከሁሉም በላይ ትልቅ «ፒ300» ካገኛችሁ፣ ብዙ ጊዜ የዓይን ርግብግቢት ነው። ሰዎች ብርቁን ድምፅ እንደሰሙ ዓይናቸውን ማርገብገብ ይቀናቸዋል።

መስመሩ ተገልብጦ ከታየ አትደንግጡ። አንዳንድ ላብራቶሪዎች ነጌቲቭን ወደ ላይ ይስላሉ። የእናንተ ሥዕል ላይ የትኛው ወደ ላይ እንደሆነ ጻፉ።

መስኮቱን ውጤቱን አይታችሁ፣ ልዩነቱ ጎላ ባለበት ላይ አትምረጡ። እንዲህ ከተደረገ ከንጹሕ ረብሻም «ውጤት» ይወጣል። ቀድማችሁ ጽፋችሁ አስቀምጡ።

መሣሪያ ለሌላችሁ

ኢአርፒ ኮር የሚባል ነፃ የዳታ ስብስብ አለ። 40 ሰዎች በስድስት ሙከራዎች የተቀዱበት ሲሆን የትንተና ስክሪፕቶቹም አብረው ተቀምጠዋል። የፒ300 ሙከራው በድምፅ ምትክ አምስት የእንግሊዝኛ ፊደላትን ያሳያል፤ በእያንዳንዱ ዙር አንዱ ፊደል ብርቅ ዒላማ ይሆናል። ጥሬውን ፋይል አውርዱና ከደረጃ 8 ጀምሩ። የራሳችሁን ውጤት እነሱ ካወጡት ጋር አስተያዩ፤ ካልተገናኘ ወደ ደረጃ 8 ተመልሳችሁ እያንዳንዱን ቅንብር አንድ በአንድ አመሳክሩ።